ስለ ኢቫን ኢሊች በስህተት የሚወሩ ነገሮች

ኢቫን ኢሊች እ.ኤ.አ. በ1926 ቪየና ተወልዶ ቄስ ሆነ። ኋላ ሜክሲኮ፣ ኩዌርናቫካ ከተማ ተቀምጦ የኢንዱስትሪውን ዓለም ሲሞግት ኖረ። ስሙ ሲነሳ የማይባል ነገር የለም።

«ቴክኖሎጂ ይጠላ ነበር።» እንዲያውም ለብስክሌት የነበረው ፍቅር ለጉድ ነው። ብስክሌት የያዘ ሰው ከእግረኛ ሦስት አራት እጥፍ ይፈጥናል፣ የሚያወጣው ጉልበት ግን አንድ አምስተኛ ነው እያለ ያደንቅ ነበር። ስልክንም ይወዳል፤ ሳንቲም ያለው ሁሉ ለፈለገው ሰው የፈለገውን ይናገርበታልና። የጠላው ሰውን መልሶ አገልጋዩ የሚያደርገውን መሣሪያ ነው።

«መኪና ጊዜ እንደሚቆጥብ እንዴት ይክዳል?» ካደ፣ ያውም በሒሳብ። በ1970ዎቹ አንድ አሜሪካዊ በዓመት ከ1,600 ሰዓት በላይ ለመኪናው ይገብራል አለ። የቆጠረው መሪ የጨበጠበትን ብቻ አይደለም። መንገድ ተዘግቶ የቆመበትን፣ ፓርኪንግ የፈለገበትን፣ ለመኪናው ክፍያ፣ ለነዳጅ፣ ለኢንሹራንስና ለቅጣት የሚሆን ገንዘብ ሊያገኝ የሠራበትንም ደመረ። በዚህ ሁሉ ሰዓት የሚሄደው 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲካፈል በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ይቀድመዋል!

የሥራ ሰዓቱን መደመሩ ያከራክራል። እኔ ግን የመኪና ብድር የሚከፍል ወዳጅ ስላለኝ ብዙም አልከራከርም።

«ችግሩ ጭሱ ነው፤ ንጹሕ ኃይል ከመጣ ያበቃል።» የኤሌክትሪክ መኪና ከመጣ ወዲህ በብዛት የምሰማው ይሄንን ነው። ኢሊች ግን ጭስ የሌለው ኃይል እንደ ልብ ቢገኝ እንኳ፣ በገፍ መጠቀሙ ኅብረተሰቡን እንደ ሱስ ይይዘዋል ብሎ ነበር። ከተማው ለመኪና ሲሠራ ሱቁም ሥራውም ይርቃል። በእግሩ የሚሄደው ወደ ኋላ ይቀራል። መኪናው በባትሪ ስለሄደ ርቀቱ አያጥርም።

ከዚህ ተነስቶ፣ የትራንስፖርት ፍጥነት በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ካለፈ ፍትሕ ይጓደላል ይላል። እዚህ ላይ አልከተለውም። ምጥ የያዛትን ሴት የጫነ አምቡላንስ በዚያ ፍጥነት ይሂድ?

«ሶሻሊስት ነበር።» እሱ ግን ፈጣኑ ባቡር የመንግሥት ቢሆንም የግል ቢሆንም ፍትሕ ማጓደሉ አይለወጥም ባይ ነው።

«ያወራል እንጂ እንዳወራው አይኖርም።» ዘመናዊው ሕክምና ራሱ ሰውን እያሳመመ ነው ብሎ ጽፏል። ኋላ ፊቱ ላይ ዕጢ ወጣበት። ቀዶ ሕክምና አላደረገም። ዕጢው እያደገ፣ እሱም ሕመሙን እያስታገሰ ለዓመታት ማስተማሩን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጀርመን፣ ብሬመን ውስጥ አረፈ።