በበረራ ሲሙሌተር ውስጥ ደመናን በቅጽበት መሳል

ደመናን በቅጽበት መሳል ከኮምፒውተር ግራፊክስ እጅግ ፈታኝ ሥራዎች አንዱ ነው። ተራራም ሆነ ሕንፃ ገጽ አለው፤ ደመና ግን በአየር ላይ የተበተኑ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ክምችት ስለሆነ የሚጨበጥ ገጽ የለውም። ብርሃን ሲገባበት ከጠብታ ጠብታ እየነጠረ ደጋግሞ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ አብዛኛው ግን ወደፊት ያመራል። ፀሐይ ከበስተጀርባው ስትሆን ጠርዙ የሚያበራው በዚህ ምክንያት ነው። ለፊልም የሚሠራ ባለሙያ አንድን ምስል ለሰዓታት ሊጠብቅ ይችላል፤ በሴኮንድ 60 ምስል የሚያሳይ የበረራ ሲሙሌተር (በረራን አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም ወይም መሣሪያ) ግን ለእያንዳንዱ ያለው ጊዜ 16 ሚሊሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው። ደግሞም አብራሪ ደመናን ከሩቅ አይቶ አያልፍም፤ ሰንጥቆት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካው ግራማን ኩባንያ ተመራማሪ ጄፍሪ ጋርድነር ሞላላ ቅርጾችን በሒሳብ በተፈጠረ የግልጽነት ንድፍ ሸፍኖ አሳማኝ ደመና አሳየ። በዚያው ዓመት ኬን ፐርሊን ያቀረበው የዘፈቀደ ንድፍ ማመንጫ ዘዴም እስካሁን የብዙ የደመና ሥራዎች መሠረት ነው።

ወሳኙ እርምጃ የመጣው በ2001 ነው። በቻፕል ሂል የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሃሪስ እና አንሴልሞ ላስትራ ደመናን ከብዙ ብናኞች ገነቡ፤ የብርሃኑን ስሌት አስቀድመው ጨረሱ፤ የራቀውን ደመና ደግሞ በአንድ ጠፍጣፋ ምስል ተኩ። አውሮፕላኑ ደመናው ውስጥ ሲገባ ምስሉን ለሁለት ከፍለው አንዱን ከፊቱ፣ ሌላውን ከኋላው አደረጉ። ክንፍ ደመናን እንደ ወረቀት ሲቆርጥ ያየ ሰው የዚህን ብልሃት ዋጋ ያውቃል።

በ2003 የወጣው «ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2004» ነገሩን ወደ ተራ የቤት ኮምፒውተር አወረደው። የማይክሮሶፍት መሐንዲሷ ኒኒያን ዋንግ ያሳተመችው ጽሑፍ የሥራውን ዝርዝር በግልጽ ያስቀምጣል። ሠዓሊው በሣጥኖች የደመናውን ቅርጽ ያዋቅራል፤ ፕሮግራሙ ሣጥኖቹን በትንንሽ ምስሎች ይሞላል። ብርሃኑን በፊዚክስ ከማስላት ይልቅ እንደየሰዓቱ ቀለሙን የሚመርጠው ሠዓሊው ራሱ ነው። የሩቁ ደመና በአብራሪው ዙሪያ በተዘረጋ ስምንት ጎን ባለው ቀለበት ላይ ይሳላል። ደመና ሲበተን መጀመሪያ ጠርዙ ይሳሳል፤ ሲፈጠር ከመሐሉ ይጀምራል። ትክክለኛ ፊዚክስ አይደለም፤ ያም ሆኖ የዓይንን ጠባይ በሚገባ የተረዳ ድንቅ ሥራ ነው።

አሁን የተስፋፋው በእያንዳንዱ ፒክስል (የምስሉ ጥቃቅን ነጥብ) በኩል ጨረር ልኮ የደመናውን ጥግግት ደረጃ በደረጃ መለካት ነው። በርካቶች መነሻውን የቪዲዮ ጌም ሠሪው ጌሪላ ጌምስ ባለሙያዎች በ2015 ካቀረቡት ሥራ ይቆጥራሉ፤ ዘዴው ግን በምርምር ጽሑፎች ከዚያ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። የእነርሱ ትሩፋት ፍጥነቱ ነው፤ በአንድ ምስል ከ16 ፒክስሎች አንዱን ብቻ እያደሱ ቀሪውን ካለፈው ምስል ይወስዳሉ። በ2020 የወጣው የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር ከስዊዘርላንዱ የአየር ሁኔታ ድርጅት ሜቴኦብሉ በሚያገኘው የአየር ትንበያ ደመናውን በቦታው ይዘረጋል፤ ሌላው ሲሙሌተር ኤክስ-ፕሌን 12ም በ2022 ውስጡ ጭምር ወደሚሳል ባለጥልቀት (ቮሉሜትሪክ) ደመና ተሸጋግሯል።

የአዲስ አበባውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛ ጨምሮ፣ በባለሙያ ሲሙሌተሮች ከደመናው ውበት ይልቅ የታችኛው ከፍታው ይቀድማል። በመሣሪያ በሚደረግ የመጀመሪያ ምድብ ማረፊያ አብራሪው ከማኮብኮቢያው በላይ እስከ 200 ጫማ ከፍታ ወርዶ ማኮብኮቢያው ወይም መብራቶቹ ካልታዩት ዳግም መነሣት አለበት፤ ስለዚህ አሠልጣኙ የደመናውን ወለል ከዚያ ቁጥር በጥቂት ጫማ ዝቅ ወይም ከፍ እያደረገ ሠልጣኙን ይፈትነዋል።