የካሊፎርኒያ ፖፒ ምንድን ነው? ድርቅን «ስለሚቋቋመው» አበባ

የአበባ ዘር ከሚሸጥባቸው ትንንሽ ፖስታዎች በብዙዎቹ ላይ «ድርቅን የሚቋቋም» ተብሎ ተጽፏል። ቃሉ ግን ያሳስታል። ሰው ሲያነበው ቁልቋል ወይም ግመል በዓይነ ኅሊናው ይመጣበታል፤ ተጠምቶ የማያማርር፣ ፀሐይን ችሎ የሚቆም ነገር። የካሊፎርኒያ ፖፒ እንዲህ ያለ ጀግንነት የለውም። ድርቁ ሳይደርስበት ሥራውን ጨርሶ ዞር ይላል። እኔ ይህን እስክረዳ ድረስ የሁለት ዓመት ዘር አባክኛለሁ።

አደይ አበባን እያየ ያደገ ሰው ነገሩ አይከብደውም። አደይ በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፣ በመስከረም ሜዳውን ቢጫ ያለብሳል፣ በጋው ሳይበረታ ዘሩን ጥሎ ይሄዳል። አደይን ውኃ አጠጥቶ ያሳደገ ማን አለ? የካሊፎርኒያ ፖፒም አኗኗሩ ይኸው ነው፤ የሚለየው የዝናቡ ወቅት ነው። በሎስ አንጀለስና በአካባቢው ዝናብ የሚጥለው በአብዛኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ነው፤ በጋው ድርቅ ያለ ነው። ፖፒው በመጀመሪያው ዝናብ ብቅ ይላል፣ ብርዱን መሬት ላይ ተለጥፎ ያሳልፋል፣ በየካቲትና በመጋቢት ማበብ ይጀምራል፣ ሙቀቱ ሲበረታ ቅጠሉ ይደርቃል። በባሕር ዳርቻው ለስለስ ባለ አየር ሥሩ ከመሬት በታች ቆይቶ በዓመቱ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሙቀት ወይም ውርጭ በሚበረታበት ቦታ ግን ተክሉ ይሞትና ዘሩ ብቻ ይቀራል።

ያ ዘር ትዕግሥተኛ ነው። ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን፣ ላንካስተር ከተማ አጠገብ፣ ለዚሁ አበባ ተብሎ የተከለለ የአንቴሎፕ ሸለቆ የሚባል ጥብቅ ስፍራ አለ። ዝናብ በተስተካከለበት ዓመት ኮረብታው በሙሉ ብርቱካንማ ሆኖ ይታያል፤ ዝናብ ሲያንስ እዚያው ቦታ ሄዶ ሣር ብቻ አይቶ መመለስ አለ። ዘሩ አፈር ውስጥ ቀኑን ይጠብቃል። በ2019 እ.ኤ.አ. ዝናቡ ደህና ስለነበር በሌክ ኤልሲኖር ከተማ ያለው የዎከር ሸለቆ በአበባ ተሸፈነ፤ ሊያይ የመጣው ሰው ብዛት መንገዱን አጨናንቆ ከተማዋ መግቢያውን እስከ መዝጋት ደርሳ ነበር።

ሳይንሳዊ ስሙ ምላስ የሚያስር ነው፤ ኤሽሾልዚያ ካሊፎርኒካ። በ1816 እ.ኤ.አ. ሩሪክ የተባለች የሩሲያ መርከብ ሳን ፍራንሲስኮ ስትደርስ አብሮ የነበረው የዕፅዋት አጥኚ አዳልበርት ፎን ሻሚሶ አበባውን መዘገበና በጓደኛው፣ በመርከቧ ሐኪም በኤሽሾልትዝ ስም ጠራው። ከእነርሱ በፊት የመጡት ስፔናውያን «የወርቅ ጽዋ» ብለውት ነበር። ለእኔ የእነርሱ ይበልጣል። ካሊፎርኒያ ከ1903 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግዛቷ አበባ አድርጋዋለች።

አሁን ወደ አዘራሩ። ዘሩ የሰናፍጭ ቅንጣት ያህል ነው፤ እፍኝ ደረቅ አሸዋ ቀላቅሎ መበተን እንዳይከማች ይረዳል። የሚዘራው በጥቅምትና በኅዳር፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ነው። አዘራሩን ጤፍ የዘራ ገበሬ ሳይነገረው ያውቀዋል፤ አፈሩ ይለሰልሳል፣ ይረገጣል፣ ዘሩ ከላይ ይበተናል፣ ቢበዛ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚሆን አፈር ይነሰነስበታል። ጠልቆ የተቀበረ አይወጣም። ከዚያ በእጅ መዳፍ ወይም በሳንቃ ጫን ማድረግ ነው። ዝናቡ ከዘገየ እስኪበቅል ድረስ አፈሩን እርጥብ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ እንደ እንስላል የተበጣጠሰ፣ አመድማ አረንጓዴ ቅጠል ይታያል። ከተጨናነቀ በአንድ ስንዝር ርቀት ማሳሳት ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይፈልጋል።

የእኔ የመጀመሪያው ዓመት ጥፋት ደግነት ነበር። ዘሩን በትንሽ ዕቃ አፍልቼ፣ ችግኙ ጠንከር ሲል እንደ ቃሪያ ነቅዬ ወደ መደብ አዛወርኩት። በሦስተኛው ቀን አንገቱን ደፋ። ተክሉ እንደ ካሮት ቁልቁል የሚወርድ አንድ አውራ ሥር ነው ያለው፤ ያ ሥር ከተነካ ነገር አለቀ። ስለዚህ የሚኖርበት ቦታ ላይ ነው የሚዘራው። በሁለተኛው ዓመት ቦታውን አስተካከልኩ፤ ነገር ግን ለጎመን ያዘጋጀሁትን ፍግ ጨመርኩበት፣ በየማታውም አጠጣሁት። ቅጠሉ እንደ ጉድ ለመለመ፣ አበባው ጥቂት፣ ግንዱ ልፍስፍስ ሆኖ መሬት ላይ ተኛ። ጠጠርና አሸዋ የበዛበት፣ ውኃ የማይቋጥር፣ ለጎመን የማይረባ አፈር ለእርሱ ምቾቱ ነው። ሥሩ ውኃ ሲተኛበት ይበሰብሳል።

በሦስተኛው ዓመት ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል፤ ያኔ አበበ። ጠዋት ማልዶ ያየው ሰው እንቡጡ ላይ ሾጣጣ አረንጓዴ ቆብ ያገኛል። ፀሐይ ሲሞቅ አራቱ የአበባ ቅጠሎች ከውስጥ እየገፉ ቆቡን እንዳለ ያወልቁታል፤ መሬት ላይ ወድቆ ለቅሞ ጣት ጫፍ ላይ ማድረግ ይቻላል። አበባው ማታና ደመና ሲሆን ተጠቅልሎ ይዘጋል።

ልትጠይቀኝ የመጣች አንዲት አክስቴ ስሙን ስትሰማ፣ «ልጄ፣ ይህ ያ የሚያሳስረው አይደለም?» አለችኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኦፒየም የተባለው አደንዛዥ ዕፅ የሚገኘው ፓፓቬር ሶምኒፈረም ከተባለው ሌላ የፖፒ ዝርያ ነው፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ቢሆኑም አንድ አይደሉም። ለአገር ቤት ዘር ላኪልን ለሚሉኝ ግን እሺ አልልም። በቺሊ ከሰው አጥር አምልጦ በየመንገዱ ዳር የተዛመተ ተክል ነው። ከሜክሲኮ የመጣው እሾሃማ ዘመዱ፣ ያ ሲሰበር ቢጫ ወተት የሚያወጣው፣ በኢትዮጵያ ማሳዎች አረም ሆኖ ገበሬውን እንደሚያስቸግር እናውቃለን፤ ሁለተኛ መጨመር አያስፈልግም።

አበባው ሲረግፍ ጣት የሚያህል ቀጭን ፍሬ ይቀራል። ሲደርቅ ከሥሩ ይሰነጠቅና ዘሩን ራሱ ይወረውራል። ለዓመት ዘር የፈለገ ሰው ከመፈንዳቱ በፊት፣ ቡናማ መሆን ሲጀምር መልቀም አለበት። አምና የለቀምኩትን በወረቀት ከረጢት አድርጌ ማድቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ቀትር ላይ ቡና እየቆላሁ ከረጢቱ ውስጥ ጧ፣ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ቡናው መሰለኝና እሳቱን ቀነስኩ።