አልዩ አምባ፦ በአንኮበር ግርጌ የነበረ የሲራራ ጣቢያ

አልዩ አምባ በሰሜን ሸዋ ዞን በአንኮበር ወረዳ፣ ከአንኮበር በስተ ምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። ምድር ባቡር ከመምጣቱ በፊት ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ወደ ሸዋ የሚዘልቀው የሲራራ ንግድ ዋና ማረፊያ እርሷ ነበረች። በኋለኛው ዘመን ለድሬዳዋ ወይም ለአዲስ አበባው ለገሃር የተሰጠውን ሥራ፣ ማለትም ጭነት ማራገፍን፣ ቀረጥ ማስከፈልንና እንግዳ ማሳረፍን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አልዩ አምባና በሥሯ የነበሩት ኬላዎች ይሠሩት ነበር።

የቦታው ምርጫ የመጣው ከመልክዓ ምድሩ ነው። የቆላው ግመል ሜዳ እንጂ አቀበት አይሆንለትም። ስለዚህ ከባሕር ዳርቻ የመጣው ጭነት ከተራራው ግርጌ ፋሬ በሚባለው የጠረፍ መንደር ይራገፍና በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ሽቅብ ይወጣ ነበር። የደጋው ሰው የቆላውን ንዳድ ሲፈራ የቆላው ነጋዴም የአንኮበርን ብርድና ጭጋግ ስለማይወድ፣ ሁለቱን የምታገናኘው በመካከል ያለችው አልዩ አምባ ሆነች። አንኮበርም ሆነ ጣርማ በር በስማቸው ውስጥ «በር» መያዛቸው እንዲያው አይደለም፤ በዚህ አገር መንገድ ማለት ገደሉን ሰንጥቆ የሚያወጣ በር ማለት ነው።

ገበያው ዓርብ ዓርብ ይቆም ነበር። ነዋሪዎቹ በብዛት ሙስሊሞች ሲሆኑ አርጎባው፣ አፋሩና የሐረር ነጋዴ በአንድነት ይኖሩባት ነበር፤ የደጋው ክርስቲያንም እህሉንና በቅሎውን ይዞ ይወርዳል። ከቆላ የሚመጣው ዋናው ነገር ጨው ሲሆን ጨርቅ፣ ዶቃና መዳብም ይከተሉታል። ከማርትሬዛ ጠገራ ብር ጋር ለመገበያያ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ መሐሉ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ የመሳያ ድንጋይ የሚመስል የጨው ቁራጭ ነው። ጫፉ እንዳይሸራረፍ ዙሪያውን በልጥ ይታሰራል፤ የተሰበረው ዋጋው ይወርዳል፣ ክረምት ሲገባም እርጥበት ይበላዋል። ገንዘቡን ከዝናብ ደብቆ ማኖር ለነበረበት ሰው ሐምሌና ነሐሴ ቀላል ወራት አልነበሩም።

ጠረፉን የሚጠብቁት ወላስማ በሚል የጥንት የይፋት ማዕረግ የሚጠሩት ሙስሊም ባላባት ሲሆኑ፣ ወላስማ መሐመድ የንጉሡ አበጋዝ ሆነው የጎንጮን የመንግሥት እስር ቤት ጭምር ይዘው ነበር። ያለ ንጉሡ ፈቃድ እንግዳ መግባትም መውጣትም አይችልም። በ1833 ዓ.ም. ክረምት በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን የገባው በዚሁ በር ነው፤ ኅዳር 1834 ዓ.ም. ላይም ከሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ።

የዚህች ገበያ ታሪክ ሲነገር ተሸፍኖ ማለፍ የሌለበት ነገር አለ። በአቅራቢያዋ በነበረው አብዱል ረሱል የባሪያ ገበያ ይቆም ነበር፤ ከደቡብና ከምዕራብ ተነድተው የመጡ ሰዎች እዚያ እየተሸጡ ጨው በመጣበት መንገድ ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር። ስለ ጨውና ስለ ዶቃ ብቻ የሚያወራ ትረካ ግማሽ ታሪክ ነው።

ለውድቀቷ ባቡሩን ብቻ መክሰስ ልክ አይሆንም። ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ሲያዛውሩና በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ሲይዙ ንግዱ ወደ ሐረርና ዘይላ መስመር ማዘንበል ጀምሮ ነበር። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ ጭኖ በታጁራ በኩል አንኮበር ሲደርስ ንጉሡን አላገኛቸውም፤ ወደ እንጦጦ መቀጠል ነበረበት። የምድር ባቡሩ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ነገሩ አበቃለት፤ ወር የሚፈጀውን ጉዞ ሐዲዱ ወደ ጥቂት ቀናት አሳጠረው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በጣርማ በር ዋሻ የተቆፈረለት የደሴ መንገድ ደግሞ መኪናውን በደብረ ሲና በኩል ወሰደው።

ድሬዳዋ አሮጌ ባቡሮቿንና ወርክሾፗን ለጎብኚ ታሳያለች፤ የባቡር ጣቢያ ሐዲድ፣ ሕንፃና ሰዓት ትቶ ስለሚያልፍ ሙዚየም ማድረጉ አይከብድም። የሲራራ ጣቢያ የሚተወው ግን ጥቂት ነው፤ ጨው ይሟሟል፣ ኮርቻ ይበሰብሳል፣ የሣር ጎጆ ይፈርሳል። ስለዚህ እንዲህ ላለ ቦታ የሚስማማው ሙዚየም ከዕቃ ይልቅ ከመንገዱ ቢነሣ ይሻላል ባይ ነኝ፦ አንድ አሞሌ፣ አንድ ሚዛን፣ ከዚያም ጎብኚው ራሱ ከአንኮበር እስከ አልዩ አምባ ቁልቁል በእግሩ እንዲወርድ ማድረግ። ሰሜን ሸዋ ሐዲድ ያየችው በ2007 ዓ.ም. ግንባታው በተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ መስመር ነው፤ እርሱም ቆላውን ይዞ በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ሰሜን ያልፋል እንጂ ወደ አልዩ አምባ አይወጣም።