የጆሮ መጥበብ ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ቤተሰቡን ይዞ መጥቶ ነበር። የሰባት ዓመቱ ልጁ አያቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይቆረጥማል። አክስቴ ትጠይቀዋለች።

«ምንድን ነው የምትበላው?»

«ኮሎ።»

«ቆሎ በል፣ የኔ ጌታ።»

«ኮሎ።»

«ቆ!»

«ኮ!»

እሷ የሚያላግጥባት መሰላት። እሱ በመጨረሻ አኮረፈ። «ያልሽውን እኮ ነው ያልኩት!» አለና ተነስቶ ሄደ።

ልጁ አልዋሸም። እሱ ጋ ሁለቱ ድምፆች አንድ ናቸው። ይሄ ልዩነት የተዘጋበት ደግሞ ገና ዳዴ ሲል ነው። ቤቱ ውስጥ የሚነገረው እንግሊዝኛ ብቻ ነበር።

ሕፃን ሲወለድ የብዙ ቋንቋዎችን ድምፆች መለየት ይችላል። አንደኛ ዓመቱ ሲቃረብ የቤቱን ቋንቋ ድምፆች አጥርቶ መስማት ይጀምራል። ቤቱ ውስጥ ዋጋ የሌለውን ልዩነት ደግሞ ችላ ይላል። እኔ የጆሮ መጥበብ የምለው ይህንን ነው። ጆሮ ያልኩት ለአነጋገር ያህል ነው፤ ጆሮው ደህና ነው፣ የሚጠበው አእምሮ ነው።

አፍ ያልፈታ ልጅ ምን እንደሚሰማ እንዴት ይጠየቃል? በ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ፒተር ኢማስና ባልደረቦቹ የአንድና የአራት ወር ሕፃናትን መለኪያ የተገጠመለት የላስቲክ ጡት አጠቧቸው። አዲስ ድምፅ ሲሰማ ሕፃኑ በጉጉት ይጠባል። ያው ድምፅ ሲደጋገም ይሰለቻል፣ መጥባቱም ይቀንሳል። «ባ» የነበረው ወደ «ፓ» ሲቀየር እንደገና ይበረታል። በሌላ አነጋገር «ይሄ ሌላ ነው» ብሏል።

የመጥበቡን ነገር ያሳዩት ግን በ1984 ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ ናቸው፣ ቫንኩቨር ካናዳ ውስጥ። ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ ይቀመጣል። ድምፁ በተቀየረ ቁጥር ከጎኑ ያለ ሳጥን ይበራና ውስጡ ያለው መጫወቻ እንስሳ ይንቀሳቀሳል። ልጁ ይህን ሲለምድ ለውጡን እንደሰማ ራሱ ዞር ይላል። የእንግሊዝኛ ቤት ልጆች ከስድስት እስከ ስምንት ወራቸው የሕንድኛን ሁለት «ተ»ዎች አብዛኞቹ ለዩ። በአሥር ወርና በአሥራ ሁለት ወር መካከል ግን የለዩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዚያው ዕድሜ ያሉ የሕንድኛ ቤት ልጆች ምንም አልተቸገሩም።

እኔን የገረመኝ ሌላው ፈተና ነው። ከካናዳ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ሁለት ድምፆች ተወስደው ነበር። አንዱ የኛ «ቀ» ወንድም ነው፤ ጉሮሮ ተዘግቶ በግፊት የሚፈነዳ። ሌላው እንደዚያው ሆኖ ወደ ኋላ፣ ወደ ጉሮሮ የገባ። እኛ ብንሰማቸው ሁለቱንም «ቀ» ብለን የምናልፋቸው ይመስለኛል። በዚያ ልጅ አንፍረድ። እንግሊዝኛ ላይ በግንና መርከብን እኛም «ሺፕ» ብለን አንድ እናደርጋቸው የለ?

አእምሮው ይህን የሚያደርገው እየቆጠረ ነው። አማርኛ የሚነገርበት ቤት ያለ ሕፃን የሚሰማቸው ድምፆች ሁለት ቦታ ይከመራሉ፣ «ከ» እዚህ፣ «ቀ» እዚያ። በኋላ ከሰሰና ቀሰሰን፣ ትልና ጥልን የሚለየው በዚህ ነው። እንግሊዝኛ ቤት ያለው ክምር አንድ ብቻ ነው። ያው ቆጠራ ቃላትንም ይለያል። ስንናገር በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ አናስቀምጥም፤ እንደ ወንዝ ነው የሚፈሰው። በ1996 ጄኒ ሳፍራንና ባልደረቦቿ የስምንት ወር ሕፃናትን ትርጉም የሌለው፣ ያልተቆራረጠ ድምፅ ለሁለት ደቂቃ ብቻ አሰሟቸው። ልጆቹ የትኛው ክፍለ ቃል የትኛውን እንደሚከተል ቆጥረው «ቃላቱን» ለዩ።

ታዲያ አማርኛ መዝሙር በዩቲዩብ ከፍቶ ሕፃኑን ፊቱ ማስቀመጥ ይበቃል? ውጭ አገር ያሉ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ይህንን ነው። በ2003 ፓትሪሺያ ኩል ሲያትል ውስጥ የዘጠኝ ወር የአሜሪካ ሕፃናትን ከቻይንኛ ጋር ለአሥራ ሁለት ጊዜ አገናኘቻቸው። ሰው ቁጭ ብሎ ያጫወታቸው የቻይንኛውን ድምፅ ለዩ። ያንኑ በቪዲዮ ያዩትና በድምፅ ብቻ የሰሙት ምንም አልጨመሩም። ስለዚህ ስክሪኑን ትታችሁ ራሳችሁ አውሩት፤ እሹሩሩም ቢሆን።

የጠበበ ጆሮ ጨርሶ አይቆለፍም፤ ትልቅ ሰውም በልምምድ ይሻሻላል፣ ግን ይለፋል። አክስቴ ለልጁ ብጣሽ ወረቀት አፉ ፊት ያዘችለት። የእሱ «ኮ» ወረቀቷን ታርገበግባለች። «ትንፋሽህን ያዝና በል» አለችው። በሦስተኛው ቀን ወረቀቷ ሳትነቃነቅ «ቆ!» አለ። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ።

ማታ አክስቴ ዓይኑን አስጨፍና «ኮ ነው ቆ ነው ያልኩት?» እያለች ፈተነችው። ልጁ የሚመልሰው እየገመተ ነበር።