ርካሽ ቢራ ስታዲየም ይሞላል? ስለ ቤዝቦል ሜዳ ዋጋ የሚባለውና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ትልቅ የቤዝቦል ቡድን በዓመት 162 መደበኛ ጨዋታ አለው። ግማሹን፣ ማለትም 81ዱን፣ በሜዳው ነው የሚጫወተው። እስቲ አስቡት፤ ማክሰኞ ማታ፣ በኤፕሪል ብርድ፣ ቡድኑ ሽንፈት በሽንፈት ሆኖ ማን ይመጣል? ወንበር ባዶ ሲሆንባቸው ብዙ ክለቦች ቶሎ ትዝ የሚላቸው ቢራና ምግብ ማርከስ ነው። እኔ ርካሽ ዋጋን እደግፋለሁ፤ ቤተሰብ ይዞ ስታዲየም መግባት የሀብታም ጉዳይ መሆን የለበትም። ግን በዚህ ጉዳይ ላይ የሚወራው ብዙው ነገር የተሳሳተ ስለሆነ አንድ በአንድ እንየው። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«በቢራ ሰው መሳብ የዘመኑ የማርኬቲንግ ብልሃት ነው»

ኧረ በጣም የቆየ ነው። በ1880 የጊዜው ዋና ሊግ የነበረው ናሽናል ሊግ የሲንሲናቲን ቡድን ያባረረው በሜዳው ቢራ መሸጥ አላቆምም ስላለ ነው። በ1882 ደግሞ አሜሪካን አሶሲዬሽን የሚባል ተቀናቃኝ ሊግ ተነሳ። ቢራ ፈቀደ፣ እሁድ መጫወት ፈቀደ፣ መግቢያውንም በ25 ሳንቲም አደረገው፤ ናሽናል ሊግ 50 ሳንቲም ነበር የሚያስከፍለው። ሰዎች «የቢራና የዊስኪ ሊግ» አሉት። የሴንት ሉዊሱ ቡድን ባለቤት ክሪስ ቮን ደር አሄ ራሱ መሸታ ቤት የነበረው ጀርመን ተወላጅ ነው። ቡድኑ ከ1885 እስከ 1888 በተከታታይ አራት ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ፤ የዛሬው ካርዲናልስ ማለት ነው።

«ርካሽ ቢራ ካለ ረብሻ አይቀርም»

ይህን የሚሉ ሰዎች ሁሌም ክሊቭላንድን ነው የሚጠቅሱት። ታሪኩ እውነት ነው፤ ግን ሙሉውን መስማት ያስፈልጋል።

ጁን 4 ቀን 1974 ክሊቭላንድ ከቴክሳስ ሬንጀርስ ጋር ይጫወት ነበር። ሌላ ጊዜ 65 ሳንቲም የሚሸጠው ቢራ ያን ማታ 10 ሳንቲም ሆነ። 25,134 ሰው ገባ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ እስከ ስድስት ብርጭቆ መግዛት ይችላል፤ ስንቴ ተመልሶ መሰለፍ እንደሚችል ግን ገደብ አልነበረም። ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ሰው እየዘለለ ሜዳ መግባት ጀመረ፣ ልብሱን አውልቆ የሚሮጥም ነበር። በዘጠነኛው፣ ማለትም በመጨረሻው፣ ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ውጤቱ 5 ለ 5 እያለ ደጋፊዎች የቴክሳሱን ተጫዋች ጄፍ ቡሮውስን ከበቡት። የቴክሳስ አሰልጣኝ ቢሊ ማርቲን ተጫዋቾቹን የቤዝቦል ዱላ አስይዞ ወጣ፤ የክሊቭላንድ ተጫዋቾችም ሳይቀሩ ተጋጣሚዎቻቸውን ለማዳን ገቡ። በመጨረሻ ዳኛው ኔስተር ቻይላክ ጨዋታውን አቋርጦ ለቴክሳስ ፎርፌ ሰጠ።

አሁን የሚረሳው ክፍል። እነዚሁ ሁለት ቡድኖች ከሳምንት በፊት ቴክሳስ ላይ ተደባድበው ነበር፤ ከተማው ቂም ይዞ፣ በሬዲዮም ሲጋጋል ሰንብቶ ነው ሰው ስታዲየም የመጣው። በዚያ ላይ ገደብ የሌለው ቢራ ተጨመረበት። ሌላው ደግሞ፣ ክለቡ የ10 ሳንቲሙን ማታ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ እንደገና አዘጋጀ፤ በዚህኛው ጊዜ በአንድ ሰው ገደብ ተጣለ፤ ከ40 ሺህ በላይ ሰው መጣ፣ ያ ነገርም አልተደገመም። እኔ ከዚህ የምረዳው ገደብ የሌለው ሽያጭ ከዋጋው ይልቅ አደገኛ እንደሆነ ነው።

ደግሞ ረብሻ የቢራ ብቻ አይደለም። ፊላደልፊያ ፊሊስ ከ1997 ጀምሮ ሆት ዶግ በአንድ ዶላር የሚሸጥበት ማታ ነበረው። በ2023 ኤፕሪል ላይ ተመልካቹ ሆት ዶጉን እርስ በርሱ መወራወር ያዘ፤ በቀጣዩ ዓመት ፕሮግራሙ ቀረና «አንድ ሲገዙ አንድ በነፃ» ተተካ።

«ዋጋ የቀነሰ ክለብ ይከስራል»

እዚህ ላይ ጥሩው ማስረጃ ከአሜሪካን ፉትቦል ነው የሚመጣው፤ ስታዲየም ስታዲየም ስለሆነ ይጠቅመናል። በ2017 አትላንታ ላይ መርሴዲስ ቤንዝ ስታዲየም ሲከፈት እዚያ የሚጫወተው የፋልከንስ ክለብ ባለቤት አርተር ብላንክ ሆት ዶግ 2 ዶላር፣ እየተመላለሱ የሚሞላ ለስላሳ 2 ዶላር፣ ፋንዲሻ 2 ዶላር፣ ቢራ 5 ዶላር አደረገው። ከአሮጌው ስታዲየም ጋር ሲወዳደር ዋጋው በግማሽ ያህል ወረደ። አንድ ተመልካች ለምግብና መጠጥ ያወጣው ገንዘብ ግን በ16 በመቶ ጨመረ!

ምክንያቱ አይከብድም። ዋጋው ሲከብደው ቤቱ በልቶ የሚመጣ ሰው አሁን ቀደም ብሎ ገብቶ እዚያው ይበላል። ታክሱ ዋጋው ውስጥ ስለገባና ሂሳቡ ድፍን ዶላር ስለሆነ መልስ መቁጠር የለም፣ ሰልፉ ይፈጥናል። ብዙ ቦታ ምግብ የሚሸጠው ኩባንያ ከሽያጩ ለክለቡ ኮሚሽን ስለሚከፍል ሁለቱም ዋጋ እንዲወጣ ይፈልጋሉ። ዋጋውን ማን ይተምናል የሚለው ጥያቄ ነው ዋናው፤ አትላንታ ላይ ውሳኔው የባለቤቱ ነበር።

«ቢራውንና ምግቡን ካረከስከው ሰው ራሱ ይመጣል»

አይመጣም፤ ወይም የሚመጣው ለአንድ ማታ ነው። ኦክላንድ አትሌቲክስ በ2019 ለአባላቱ ምግብና መጠጥ በግማሽ ዋጋ ይሸጥ ነበር። በዚያ ዓመት ቡድኑ 97 ጨዋታ አሸንፏል፣ ተመልካቹም ደህና ነበር። ከዚያ ጎበዝ ጎበዞቹ ተሸጡ፣ ክለቡ ወደ ላስ ቬጋስ ሊሄድ ነው ተባለ፤ በ2023 ዓመቱን ሙሉ የገባው ሰው 832 ሺህ ገደማ ብቻ ሆነ፣ ከሁሉም ክለቦች ዝቅተኛው። የሚገርመው በዚያው ዓመት ጁን 13 ላይ 27,759 ሰው ገባ። ያመጣቸው ቅናሽ አልነበረም። ደጋፊዎቹ ተጠራርተው ባለቤቱን «ክለቡን ሽጥልን» ለማለት ነው ስታዲየሙን የሞሉት። ሰው ቡድኔ ነው ካለ ይመጣል።

በዚያው 2023 በሊጉ በሙሉ ተመልካች ጨምሮ ከ70 ሚሊዮን አለፈ። ያን ዓመት የተለወጠው ትልቁ ነገር ኳስ ወርዋሪው ላይ የተጣለው የሰዓት ገደብ ነው፤ አማካዩ ጨዋታ ከ3 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ወረደ። በማግስቱ ሥራ ያለው ሰው፣ ልጅ ይዞ የመጣ ሰው፣ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ማየት ቻለ። ጭማሪው በሙሉ ከዚህ መጣ አልልም፤ ግን ማንም ቢራ አርክሶ እንዲህ ያለ ለውጥ አላመጣም።

«ጨዋታው ካጠረ ቢራው እስከ ስምንተኛው ኢኒንግ ይሸጥ»

የተለመደው ሰባተኛው ላይ ማቆም ነው። ጨዋታው ሲያጥር አንዳንድ ክለቦች ወደ ስምንተኛው አራዘሙት። ያኔ የፊሊስ ተጫዋች የነበረው ማት ስትራም ወዲያው ተቃወመ፤ ሰው መኪና ከመያዙ በፊት ስካሩ የሚበርድበት ጊዜ ማግኘት አለበት ነው ያለው። ልክ ነው! ጨዋታው ካጠረ ሽያጩም ቀደም ብሎ ነው መዘጋት ያለበት።

«ቅናሽ ማለት የቢራ ቅናሽ ነው»

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አራት ሆኖ የሚመጣ ቤተሰብን የሚያስቀረው ትኬቱ፣ ፓርኪንጉ፣ የልጆቹ ምግብና ውሃው ተደምሮ ነው። ባልቲሞር ኦሪዮልስ በ2018 ከላይኛው ፎቅ አንድ ትኬት ለገዛ አዋቂ ሁለት ትንንሽ ልጆች በነፃ እንዲገቡ አደረገ። ካምደን ያርድስ፣ ማለትም ሜዳቸው፣ ምግብ ከውጭ ይዞ መግባትም ይፈቅዳል። ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያላችሁ ልጆቻችሁ ቤዝቦል የሚወዱባችሁ ወላጆች፣ ሜዳው ሩቅ አይደለም። ሳንድዊቹን ቤት ሠርታችሁ፣ ያልተከፈተ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመውጣታችሁ በፊት ግን የዘንድሮውን የቦርሳ ደንብ ክለቡ ገጽ ላይ እዩት።