የጉሮሮ ሕመም ልብ ድረስ እንዴት ይደርሳል?

«የልጄ ጉሮሮ ከዳነ ልቧን ምን ነካው?» ደሴ ውስጥ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ነው። ብዙዎች የጦሳ ተራራን ብርድ ይወቅሳሉ። ሞቃቷ ኮምቦልቻ ውስጥም ግን ልጆች ከጉሮሮ ተነስቶ ልብን በሚጎዳው በዚህ ሕመም፣ በሩማቲክ ትኩሳት፣ ይታመማሉ።

መነሻው ስትሬፕቶኮከስ ኤ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ሰውነት እሱን ለመውጋት መከላከያ ያመርታል። ችግሩ፣ የባክቴሪያው ገጽ ላይ ያለ ፕሮቲን የራሳችንን የልብ ሥጋ ይመስላል። መከላከያው ወዳጅና ጠላት ይምታታበትና መገጣጠሚያንና የልብ ቫልቭን (ደም የሚያልፍበትን የልብ በር) ያጠቃል።

አንዲት የ9 ዓመት ልጅ እንበል። ትኩሳት አላት፤ ስትውጥ ያማታል፤ አንገቷ ሥር አብጧል። ለ10 ቀን የታዘዘላት አንቲባዮቲክ፣ አሞክሳሲሊን፣ በ4ኛው ቀን ሲሻላት ቆመ። ከ3 ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አበጠ፤ ከዚያ ቁርጭምጭሚቷ። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። የ10 ቀኑ መድኃኒት ተሻላት ተብሎ የማይቋረጠው ለዚህ ነው። እንጥል ማስቆረጥማ ባክቴሪያውን አይገድልም፤ ልጅን ያደማል። እባካችሁ ይቅር።

ይህ ሁሉም ልጅ ላይ አይደርስም። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም የቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይፈልግም። በባክቴሪያው ከተያዙትም ልባቸው የሚነካው ጥቂቶቹ ናቸው። አንዴ የተነካባት ልጅ ግን በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች። ለስንት ዓመት? እሱን ሐኪሟ እንደ ጉዳቱ መጠን ይወስናል።