የቤትን ኤፒአይ መደበቅ መቆለፍ አይደለም

መብራቱ፣ ካሜራውና የበሩ ቁልፍ ከስልክ በሚታዘዙበት ቤት ውስጥ አንድ ሰርቨር አለ። ስልኩ በኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት መግቢያ) በኩል «የሳሎኑን መብራት አብራ» ይለዋል፤ እሱም ያበራል። ሰርቨሩ የጠያቂውን ፊት አያይም፣ ድምፁንም አይለይም። ሌላ መለያ ካላስቀመጥንለት፣ ትእዛዙን በትክክለኛው መልክ ጽፎ የላከ ሁሉ ለእሱ የቤቱ ባለቤት ነው። በዚህ ሥራ ላይ የምሰማቸው የተሳሳቱ እምነቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት መደበቅንና መቆለፍን አንድ አድርጎ ከማየት ነው።

«የእኔን ቤት ማን ብሎ ይፈልገዋል?»

በስም የሚፈልግ ሰው ላይኖር ይችላል። የሚፈልገው ፕሮግራም ነው፤ እሱ ደግሞ ቤት አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዜድማፕ የተባለውን መሣሪያ ሲያወጡ፣ አንድ ኮምፒውተር በጊጋቢት መስመር 4.3 ቢሊዮን ገደማ የሚሆነውን የአይፒቪ4 (የኢንተርኔት) አድራሻ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊያዳርሰው እንደሚችል አሳይተዋል። በ2016 ደግሞ ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ሶፍትዌር የብዙ ሰው ካሜራና ራውተር ውስጥ ገባ። ረቂቅ ጥበብ አላስፈለገውም፤ ከፋብሪካ የወጡባቸውን ስድሳ ያህል የተለመዱ ስምና የይለፍ ቃሎች ብቻ ይሞክር ነበር።

ስለዚህ ሆም አሲስታንት የተባለው የቤት ዕቃዎች ማዘዣ ሶፍትዌር የሚጠቀምበትን 8123 ፖርት (የግንኙነት በር ቁጥር) ወደ ሌላ ቁጥር መቀየር ጊዜ ቢያስገኝ እንጂ ጥበቃ አይሆንም። ማንም የማይገምተው የድረ ገጽ ስም መምረጥም ያው ነው። ለዚያ ስም በይፋ የታወቀ ሰርተፍኬት (የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጥ ሰነድ) ስታወጡ ስሙ ማንም ሊያነበው በሚችል የሰርተፍኬት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ምስጢር ያላችሁት ስም በደቂቃዎች ውስጥ አደባባይ ወጣ ማለት ነው።

«ኤችቲቲፒኤስ አለኝ፤ በቃ»

ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም መልእክትን አመስጥሮ የሚያስተላልፈው የድረ ገጽ ግንኙነት፣ መንገዱን ይጠብቃል፤ በመንገዱ የመጣው ማን እንደሆነ ግን ለሰርቨሩ አይነግረውም። የሌባም ጥያቄ ተመስጥሮ ይደርሳል። አስፈላጊነቱ ግን አያጠያይቅም፤ ያለ እሱ፣ በቤዝ64 (ማንም መልሶ ሊፈታው በሚችል አጻጻፍ) የተጻፈ የይለፍ ቃል በመስመሩ ላይ ላለ ሰው ግልጽ ጽሑፍ ነው።

«ከራውተሩ ወዲህ ያለው ሁሉ የራሴ ነው»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳ። ከራውተሩ ወዲህ የእንግዳ ስልክ አለ፤ ለዓመታት ያልታደሰ ካሜራም ሊኖር ይችላል። ጅብ በቀደደው ውሻ ይገባል፤ አንዱ ደካማ ዕቃ ከተያዘ ለቀሪዎቹ መግቢያ ይሆናል። ከዚህም በላይ የራሳችሁ ብሮውዘር አለ። በላፕቶፓችሁ የከፈታችሁት አንድ ገጽ ብሮውዘሩን ወደ 192.168.1.10፣ ማለትም ወደ አንድ የቤት ውስጥ ዕቃ አድራሻ፣ ጥያቄ ሊያስልከው ይችላል። አንዳንድ ብሮውዘሮች ይህን መገደብ ጀምረዋል፤ ሁሉም ግን አይደሉም። «ብሮውዘሩ ሌላ ገጽ የኔን ኤፒአይ እንዳይነካ ይከለክላል» የሚሉ አሉ። የሚከለክለው ገጹ መልሱን እንዳያነብ ነው። ብሮውዘሩ አስቀድሞ ፈቃድ የማይጠይቅበት ቀላል ጥያቄ ከሆነ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሷል፤ ኤፒአይው በአንድ ሊንክ ብቻ በር የሚከፍት ከሆነ በሩ ተከፍቷል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ የቤት ውስጥ ጥያቄም ቢሆን ቶከን (የጠያቂውን መብት የሚያሳይ ምስጢራዊ ቁልፍ) ይጠየቅ፤ ቶከኑም በሄደር (ከጥያቄው ጋር በሚሄደው ራስጌ) ይላክ። በሊንክ ውስጥ ከተጻፈ በብሮውዘር ታሪክና በሰርቨር መዝገብ ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ጌት (GET) የሚባለው ጥያቄ ለማንበብ ብቻ ይሁን፤ ነገር የሚለውጥ ሁሉ ፖስት (POST) በሚባለው ይምጣ። ኤምኪውቲቲ የተባለውን የቤት ዕቃዎች መልእክት መለዋወጫ ለምትጠቀሙም ነገሩ ይህንኑ ይመስላል፤ 1883 ፖርት በተለምዶ ያልተመሰጠረው፣ 8883 የተመሰጠረው ነው። የኤምኪውቲቲ ሰርቨር የሆነው ሞስኪቶ ከ2.0 ጀምሮ ሳይዋቀር ከራሱ ኮምፒውተር ውጪ ግንኙነት አይቀበልም። ያን ገደብ ለማንሳት ሲባል ብቻ ያለ ይለፍ ቃል መግባትን የሚፈቅድ መስመር ገልብጦ መለጠፍ ጥበቃውን በገዛ እጅ ማፍረስ ነው።

«አንድ ጠንካራ ቶከን ለሁሉም ይበቃል»

ጠንካራነቱ ቶከኑ እንዳይገመት ያደርጋል፤ ከወጣ በኋላ ግን አያድንም። በሆም አሲስታንት የሚፈጠረው የረጅም ጊዜ ቶከን ለ10 ዓመት ይሠራል፤ የፈጠረው ሰው ያለውን መብትም ይዞ ይሄዳል። በአስተዳዳሪ ስም የተፈጠረ ቶከን ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ታብሌት ውስጥ ሲገባ፣ ታብሌቱ አስተዳዳሪ ሆነ። ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱን ቶከን ስጡ፤ ስልክ ሲጠፋ የዚያን ስልክ ብቻ ትሰርዛላችሁ። ኤፒአይውን ራሳችሁ የምትጽፉ ከሆነ «ቶከኑ ትክክል ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ይህ ቶከን ይህን በር እንዲከፍት ተፈቅዶለታል?» የሚለው ይከተል። የሶፍትዌር ደህንነት ድርጅቱ ኦዋስፕ በ2019ም ሆነ በ2023 ባወጣው የኤፒአይ አደጋዎች ዝርዝር አንደኛ ያደረገው የዚህን ሁለተኛ ጥያቄ መቅረት ነው።

«የታወቀ ሶፍትዌር ነው የምጠቀመው»

የታወቀውም ይሳሳታል። በማርች 2023 የሆም አሲስታንት ሱፐርቫይዘር (ሲስተሙን የሚያስተዳድረው ክፍል) ማንነት ማረጋገጫውን አልፎ መግባት የሚያስችል ቀዳዳ እንደነበረበት ይፋ ሆነ፤ ክብደቱም ከ10 10 ተሰጠው። ማረጋገጫው በሚታለፍበት ቦታ የቶከን ጥንካሬ ምንም አይረዳም። ሰርቨሩን ወዲያው ማደስ የሚያስፈልገው፣ ከተቻለም በቀጥታ ለኢንተርኔት ከመክፈት ዋየርጋርድን የመሰለ ቪፒኤን (የተመሰጠረ የግል መተላለፊያ) ከፊቱ ማቆም የሚሻለው ለዚህ ነው። ዋየርጋርድ ቁልፉን ላልያዘ ሰው መልስ አይሰጥም፤ አድራሻዎችን እያሰሰ ለሚፈልግ ፕሮግራም ማንም የሌለበት አድራሻ ይመስላል።

ስትጨርሱ ስልኩን ከዋይፋይ አውጥታችሁ በሞባይል ዳታ ሞክሩት፤ ቤት ውስጥ ሆኖ መሞከር ከውጭ የሚታየውን አያሳይም። ቪፒኤኑ ጠፍቶ ሳለ ምንም መልስ መምጣት የለበትም። ኤፒአይው በቀጥታ ክፍት ከሆነ ደግሞ ያለ ቶከን የላካችሁት ጥያቄ 401 (ማንነትህ አልተረጋገጠም) ይመልስ። ከዚያ በመብራቱ ቶከን በሩን ለመክፈት ሞክሩ፤ መልሱ 403 (አልተፈቀደልህም) ካልሆነ ሥራው ገና አላለቀም።